የማያዳልጥ ሶል

ሽብልቅ በልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የግራ ጫማዋን ጭኗ ላይ ገልብጣ ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውል ነበር። ጨርቁ የአሮጌ ፎጣ ቁራጭ ነው። መጀመሪያ ተረከዙን፣ ቀጥላ መሐሉን፣ በመጨረሻም አውራ ጣት የሚያርፍበትን ትጠርጋለች፤ በሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን አቧራ ደግሞ በክብሪት እንጨት እየቆረቆረች ታወጣለች። ይህን ሳታደርግ ሜዳ ገብታ አታውቅም። የኮሌጁ አዳራሽ ጣውላ አሮጌ ነው። ከላይ ካሉት መስኮቶች ገሚሶቹ መስታወት ስለሌላቸው አቧራው እንደ ዱቄት ሲነሰነስበት ይውላል። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት አሳምራ ጠርጋው ትሄዳለች፤ ከሰዓት ሲታይ ግን መጥረጊያ የነካው አይመስልም። በዚያ ላይ መሮጥ የሳሙና ውሃ በፈሰሰበት ወለል ላይ እንደመሮጥ ነው።

«አንቺ፣ ጫማውን ልትጫወቺበት ነው ወይስ ልትድሪው?» አለቻት ምሰሶ።

ምሰሶ የቡድኑ ረጅሟ ተጫዋች ናት። ጉበኑ ባይደርስባት እንኳ በር ስትገባ ጎንበስ የማለት ልማድ አላት፤ ልጅ ሆና አንድ ቀን ግንባሯን መትቷት ነው ይባላል።

«ቁመት ቁም ነገር ቢሆን የመብራት ምሰሶ ዋንጫ ይበላ ነበር» አለች ሽብልቅ ቀና ሳትል።

«እሱማ ቢሆን ኖሮ አንቺን ማን ያስገባሽ ነበር።»

ሳቁ። ሽብልቅ የሚለውን ስም ያወጣላት አሰልጣኙ ነው። ሁለት ረጃጅም ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲቆሙ፣ እንጨት ፈላጭ ሽብልቁን ግንዱ መሐል እንደሚሰካ እሷም መሐላቸው ትሰካና ወዲያና ወዲህ ትከፍላቸዋለች። አንድ ቀን በልምምድ ላይ «ይቺ ልጅ አይደለችም፣ ሽብልቅ ናት» አለ፣ በዚያው ቀረ። እናቷ ሳይቀሩ አንዳንዴ አምልጧቸው ይጠሯታል። ቅርጫት ኳስ የምትጫወተው ጋርድ ሆና ነው። ጋርድ ማለት ኳሱን ከኋላ እያነጠረች የምታመጣዋ፣ ሌሎቹን በዓይኗ የምታሰልፋቸው፣ ለማን እንደሚሰጥ የምትወስነው ናት። ጎል አግቢዋ ይጨበጨብላታል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ግን ሰው መጀመሪያ ዞር ብሎ የሚያየው ጋርዷን ነው።

አባቷ ጫማ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት ፎርማዎች በየልካቸው ተሰቅለዋል፣ መደርደሪያው ላይ የማስቲሽ ቆርቆሮ፣ ወስፌ፣ ሞረድ፣ በሰም የተለበጠ ክር ተቀምጧል። ሽብልቅ ያደገችው በዚያች ክፍል በር ላይ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ሰው የጣላት የተቀደደች ኳስ ነበረች። አባቷ ከውስጥ የብስክሌት ጎማ ለጥፈው ሠሩላት። ልጥፉ ግን ከበደና ኳሷ ስትነጥር ቀና ብላ አትነሣም፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ጉልበት፣ አንዴ ወደ መንገድ ትሸሻለች። ሌላው ልጅ እጁ ላይ ተመልሶ የሚመጣ ኳስ ለምዶ ሲያድግ፣ እሷ ወዴት እንደምትሄድ በማትታወቅ ኳስ አደገች። በኋላ ኮሌጅ ገብታ ደህና ኳስ ስትይዝ፣ ኳሱ እጇ ላይ ሙጫ እንደተቀባ ሆኖ ሰው የሚገርመው ለዚህ ነበር።

አባቷ ውስጥ ይቀጠቅጣሉ፣ እሷ ውጭ ታነጥራለች። እሳቸው ሁለት ሲመቱ ሁለት፣ ሦስት ሲመቱ ሦስት። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ ተኳሽ ናቸው፤ ከሥራ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ቆመው «አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዷ ታነጥራለች፣ እኔ ደግሞ ራስ ምታቴን አስታምማለሁ» ይላሉ። ይህን ብለው ግን ሳይወጡ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ኮሌጁ የተቀበላት በኳሷ ነው። ለስፖርት መምህርነት ትማራለች፣ ለኮሌጁ ትጫወታለች። የመጀመሪያውን ዓመት ወንበር አሞቀች። ከፊቷ የነበረችው ጋርድ ተመርቃ ስትሄድ ቦታው የእሷ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ወንበሩን ያወቀችው ጫማዋን ስትወለውልበት ብቻ ነው።

ያን ቀን ሶሉን እንዲህ አሳምራ የወለወለችው ለዋንጫ ለማለፍ ስለሚጫወቱ ነበር። አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩዋት መጡ። ሱቅ መዝጋት ለእሳቸው ታምሜያለሁ ብሎ እንደማመን ነው። ጣታቸው ቀለም እንደነካው፣ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ከተማሪዎቹ ጩኸት መሐል አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተቀመጡ። ሰው ኳሱን ያያል፣ እሳቸው የሚያዩት ጫማ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኮሌጁ በአንድ ቅርጫት ተበልጦ ነበር። ሽብልቅ ኳሱን ይዛ መጣች፣ ሁለቱ መሐል ተሰካች፣ ከፈለቻቸው። ልትነሣ እግሯን ስታሳርፍ ጣውላው ከሥሯ ሸሸ። በጀርባዋ ወደቀች፣ ኳሱ ግድግዳውን መታ፣ ፊሽካው ተነፋ። በቃ፣ ተሸነፉ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ከላይ መስኮቱ ላይ ያሉት እርግቦች ሲንጎራጎሩ ይሰማ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ መንገድ ሄዱ።

«አንቺ አልወደቅሽም» አሉ አባቷ በመጨረሻ። «ጫማው ነው የጣለሽ።»

«አባዬ፣ ሁሉም ይወድቃል እኮ።»

«ሁሉም የጫማ ሰፊ ልጅ አይደለም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቷ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። የደንበኛ ጫማ እየሰፉ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። የእረፍቱ ወራት ሁሉ በዚያ አለቀ። ቀጭን ጎማ ሞከሩ፣ ወፍራም ሞከሩ፣ በቢላ ጠረቡ፣ በሞረድ አሻከሩ። በመጨረሻ የሚፈልጉትን ከአውቶቡስ ጋራዥ አገኙት፤ ዝናብ የመታው ተሳፋሪ እንዳያዳልጠው አውቶቡስ መውጫው ላይ የሚነጠፈው፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ገባ የሚል ጎማ። ከዚያ ቆርጠው፣ በማስቲሽ ለጥፈው፣ ዙሪያውን ክሩን ሁለት ጊዜ አመላልሰው ሰፉት።

የሞከሩት ማድ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ወለሉ ላይ ውሃ አፈሰሱ፣ በውሃው ላይ ሳሙና ፈቀፈቁ። እናቷ በር ላይ ቆመው «ሰው ወለል የሚያጥበው እንዲደርቅ ነው፤ እናንተ ዓሣ ልታረቡ ነው?» አሉ። ሽብልቅ ከበሩ ሮጣ መጣችና መሐሉ ላይ ቆመች። ጫማው እንደ መዥገር ተጣበቀ። አባቷ ተንበርክከው እግሯን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱ፤ ንቅንቅ የለም። ድምፅ አውጥተው ስቀው የማያውቁት ሰውዬ ያን ቀን ሳሙና ውሃው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሲጀመር ሽብልቅ ሌላ ተጫዋች ሆነች። እየበረረች መጥታ ባለችበት እንደ ሚስማር ትቆማለች፤ ያሳደደቻት ልጅ አልፋት ትሄዳለች፣ እሷ ረጋ ብላ ታነጣጥራለች። ከሌላ ኮሌጅ ሰው ሊያያት መምጣት ጀመረ። ትልቅ ክለብ ፈልጓታል የሚል ወሬ ተነሣ፤ አሰልጣኙ ወሬውን ስትጠይቀው «ጨዋታሽን ተጫወቺ» ብቻ አላት፣ ፈገግታውን ግን መደበቅ አልቻለም። የቡድኑ ልጆች ጫማዋን እየገለበጡ «ለእኛስ አባባ አይሠሩልንም?» ይላሉ።

አንድ ሰው ብቻ አልወደደውም። የቡድኑ ወጌሻ የልጆቹን እግር ሲያሽ የኖረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነው። ቁርጭምጭሚቷን በፋሻ እያሰረላት ሳለ ሶሉን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየው።

«ማን ሠራልሽ?»

«አባቴ።»

«እጁ ይባረክ። ግን ልጄ፣ መሬት ትንሽ ለቀቅ ማድረግ አለበት። እግር አልንሸራተትም ካለ፣ የሚዞረው ጉልበት ነው።»

«ጋሼ ደግሞ፣ ሲያዳልጠኝም ወቀሳ፣ ሳያዳልጠኝም ወቀሳ?»

«አይ፣ እኔ ነገር ወዳድ ስለሆንኩ ነው» አለና ፋሻውን ቋጨላት። «ለአባትሽ ንገሪው፤ ትንሽ ጠንከር ያለ ይፈልግለት።»

ሽብልቅ ልትነግራቸው አስባ ነበር። ማታ ስትገባ አባቷ ሱቅ ሆነው «እስቲ አምጪው፣ ሶሉ እንዴት ሆነ?» እያሉ ጫማውን ከእጇ ይቀበላሉ፤ በብርሃን ያዩታል፣ ክሩን በጥፍራቸው ይዳስሳሉ፣ ፊታቸው ይፈካል። ዛሬ ይቅር፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ወዳዋለች። ያለዚያ ሶል የነበረችውን ሽብልቅ መሆን አልፈለገችም።

የወደቀችበት ቀን የሚያጓጓ ጨዋታ እንኳ አልነበረም። ተጋጣሚያቸው ደካማ፣ ተመልካቹ ጥቂት። አባቷ ሱቅ ነበሩ። ሽብልቅ ኳሱን እያነጠረች መሐል ሜዳ ተሻገረች። የምትከላከላት ልጅ ደክሟት ርቃ ቆማ ነበር። ወደ ቀኝ የምትሄድ መስላ ቀኝ እግሯን ተከለችና ወደ ግራ ዞረች። ሰውነቷ ዞረ፤ እግሯ አልዞረም። ጉልበቷ ውስጥ እርጥብ ገመድ ሲበጠስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማች። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ጥፋተኛዋን በዓይኑ ፈለገ፤ አጠገቧ ማንም አልነበረም። ኳሱ ብቻውን እየነጠረ፣ እየነጠረ፣ ከሜዳው ወጣ።

ሆስፒታል የመረመራት ዶክተር ወጣት ነው። ጅማቱ ብቻ ሳይሆን ለጉልበት ትራስ የሚሆነው ልስልስ አጥንትም እንደተቀደደ በጣቶቹ እያሳየ አስረዳት።

«ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ትራመጃለሽ፣ ደረጃም ትወጫለሽ። ኳስ ግን…»

«ኳስ ግን?»

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሌላ የምትወጂው ነገር ይኖርሻል» አላት።

ከሱ ቀጥሎ ወጌሻው ገባ። ጫማዎቿን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞላት ነበር። አልጋው ሥር አስቀመጠው፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለላት፣ ምንም ሳይናገር ወጣ። ሰው «ብዬሽ ነበር» ማለት እየቻለ ዝም ሲል ትልቅ ደግነት ነው። ሽብልቅ ግን ዝምታው ከቃል በላይ ከበዳት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቷ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ እየሮጡ መጡ። ሽርጡ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል።

«ማን ነው የመታሽ?» አሉ።

አውራ ጣታቸውን አየች። ወስፌ የወጋውን ጠባሳ፣ ጥፍራቸው ሥር የማይለቀውን ጥቁር ቀለም። እሳቸው ያን ሶል ሲቆርጡ በየቀኑ ታያቸው ነበር።

«ተጋጨን አባዬ» አለች። «አንዲት ትልቅ ልጅ… እየሮጠች መጥታ።»

እንዲህ ሆና ተወለደች፣ «ያቺ ልጅ»። ኦፕራሲዮኑ አልቆ ሽብልቅ ቤት ስትገባ ያቺ ልጅም አብራ ገባች። አባቷ ሳይጠሯት አይውሉም። «ምን ነክቷት ነው እንደ በሬ ሰው ላይ የምትነዳ?» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አይ፣ እሷም የሰው ልጅ ናት፣ ጨንቋት ይሆናል» ይላሉ። ምሰሶ ልትጠይቃት መጥታ ይህን ስትሰማ አፏን ከፈተች፤ ሽብልቅ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት። ምሰሶም ነገሩ ባይገባትም የተቀዳላትን ሻይ አንሥታ አፏን ዘጋችበት።

ሱቁ ጸጥ አለ። አባቷ መዶሻቸውን ያነሣሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል። የደንበኛ ጫማ ቀጠሮው እያለፈ ተከመረ። ኮሌጁ ሽብልቅ ያን ዓመት ትምህርቷን እንድትጨርስ ፈቀደላት፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ማንም የተናገረ የለም፣ እሷም አልጠየቀች። ቀን ቀን እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ከታች ልጆች ኳስ ሲያነጥሩ ስትሰማ መስኮቱን ትዘጋለች፤ ከዘጋችው በኋላም ጆሮዋ ይቆጥራል።

አንድ ከሰዓት እናቷ የቤቱን ልብስ እየተኮሱ ሳለ ካውያውን አቁመው «ጫማሽ ሆስፒታል ጠፋ ብለሽ ለአባትሽ አልነገርሽውም?» አሏት።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ፍራሽሽን ሳገላብጥ አገኘሁት።»

እናቷ ሸሚዙን ክንዱን አጥፈው፣ አንገቱን አስተካክለው፣ ረጅም ጊዜ አንዱን ቦታ ተኮሱት።

«ያቺ ልጅ የምትይው… አለች?»

«የለችም እማዬ።»

እናቷ ቁጭ አሉ። ስለ ሶሉ አልጠየቁም፤ ሆስፒታል ውስጥ የኖረ ሰው ብዙ ነገር ሳይነገረው ያውቃል። ዓይናቸውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረጉና ያረጠቡትን መልሰው ተኮሱት።

«እንግዲህ ለሱ ስንል ትኑር» አሉ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ሆድ ይፍጀው ያሉት ነገር ግን ሆድ ውስጥ አርፎ አይቀመጥም። አንድ ቀን አባቷ እራት ላይ በድንገት «ያቺ ልጅ ጫማዋ ምን ዓይነት ነበር?» አሉ።

«አላየሁም አባዬ።»

«አንቺ? የሰው ጫማ ሳታዪ?»

እውነታቸውን ነው፤ ሽብልቅ የሰው ፊት ረስታ ጫማውን የማትረሳ ልጅ ናት። ስለዚህ ጨመረችበት። «ያለቀ ነበር። ሶሉ ተልጦ የተላጨ ራስ የመሰለ።»

አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «በይ፣ ይኸው። አዳልጧት ነው እኮ። እሷ መች ልትመታሽ ፈለገች፤ መቆም አቅቷት ነው። ምስኪን። እኔ ደግሞ ስረግማት ከረምኩ።»

ያን ሌሊት አልተኙም መሰል፣ ጠዋት ሲነሡ ፊታቸው ሌላ ነበር። «ያንቺ ጓደኞች ሁሉ እንደዚያ ባለ ጫማ ነው የሚሮጡት» አሉ። «ዛሬ አንቺን፣ ነገ ያቺን ረጅሟን። አንድ ሰው ብቻውን ቢቆም ምን ዋጋ አለው፣ ሌላው መጥቶ ከወደቀበት?» ጋራዥ ሄደው የቀረውን ጎማ ሁሉ ተሸክመው መጡ። ውድድሩ ለእረፍት ተቋርጦ ስለነበር ምሰሶ የቡድኑን ጫማ በሙሉ በከረጢት ሞልታ አመጣችላቸው፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሲመኙት የኖሩት ነገር ነው። «አባባ፣ የኔን እንደ ጀልባ ቢሆንም አይናቁት» አለቻቸው። «ይሄማ ጫማ አይደለም፣ የሕፃን አልጋ ነው» ብለው ሳቁ።

ሳቁ። እናትና ልጅ ተያዩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን አታድክም። የደንበኛው ጫማ ተከምሮ የለም?» አሉ እናቷ።

«የደንበኛው ይደርሳል። የልጆቹ ጉልበት ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።»

ሽብልቅ ክራንቿን ይዛ ሱቁ በር ላይ ትቀመጣለች። አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ ቀና ብለው «እስቲ ይህቺን ክር ያዥልኝ፣ የኔ እናት» ይሏታል፤ ክሩን ይዛ ትቀራለች። ማስቲሹን ሲቀቡ ያፏጫሉ። ከወደቀችበት ቀን ወዲህ ማፏጨታቸውን የሰማችው ገና አሁን ነው። ምን ብላ ትናገር? ይህን ሰውዬ ከተኛበት ያስነሣው እሷን የጣላት ሶል ነው። ለምሰሶ ብትነግራት ምሰሶ ምስጢር የምትይዘው እስከ ደረጃው ታች ድረስ ነው። ጫማውን ዝም ብላ ብታደርስ ወጌሻው በአውራ ጣቱ አንዴ ከነካው በቃ፣ አሰልጣኙ ይሰማል፣ ቡድኑ ይሰማል፣ ዞሮ እዚህች ደረጃ ሥር ይገባል። ወጌሻው ባያየው ደግሞ የሚብስ ነው፤ ልጆቹ አድርገውት ይሮጣሉ።

ሥራው ሲያልቅ አባቷ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንዱን በማሰሪያው ቋጥረው፣ እንዳይፋተጉ መሐላቸው ጋዜጣ አድርገው፣ ከረጢቱን ሞሉት። አንድ ተጨማሪ ሶል ደግሞ ለብቻው ጠቅልለው ከላይ አስቀመጡ።

«ይሄ የማን ነው?» አለች ሽብልቅ።

«የዚያች ልጅ። ልኳን ስለማላውቅ አተለቅኩት፤ ትልቅ ናት ብለሽ የለ፣ ሲገኝ ይቆረጣል። አሰልጣኛችሁ የት እንደምትማር ያውቅ ይሆናል፣ ይላኩላት። ተቀይመናል ብላ እንዳታስብ።» ከዚያ ክራንቿን አቀብለው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ሸኟት። «ከልምምዱ በፊት አድርሺላቸው። አለዚያ ዛሬ የሚጀምሩት ባዶ እግራቸውን ነው።»

ሽብልቅ አሁን በአንድ ክራንች ትሄዳለች፣ ከረጢቱን በትከሻዋ አንግባ። አውቶቡሱ ኮሌጁ በር ሳይደርስ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወረደች። በመንገዱ ማዶ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የማታውቃቸው አንድ ጫማ ሰፊ ተቀምጠዋል። ሐሳቡ አውቶቡስ ውስጥ የመጣ ነው፤ ሶሉ ይነቀል፣ ተራ ሶል ይመታበት፣ አባቷ አያውቁ፣ ልጆቹ አይጎዱ።

«እህቴ፣ ምን ልርዳሽ?» አሉ ሰውዬው በርጩማ እየጠረጉላት።

የምሰሶን ጫማ አውጥታ ሰጠቻቸው። «ሶሉን… እንዲነቅሉልኝ ፈልጌ ነበር። ሁሉንም።»

ገለበጡት። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ጥፍራቸውን በስፌቱ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱ፤ ልክ እንደ አባቷ።

«የማን እጅ ነው?»

ሽብልቅ ከረጢቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ክሩን እዪው። ሁለቴ ተመላልሶ አንድ ቦታ አልተዛነፈም። ማስቲሹ ጠብ ያለበት የለም። እኔ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ፣ እንዲህ አድርጌ ሰፍቼ አላውቅም። ይሄ ሰው ለራሱ ልጅ የሚሰፋ ነው የሚመስለው።» ቀና ብለው አዩዋት። «ምኑ ነው ያልጣመሽ?»

«ያልጣመኝ ነገር የለም።»

«ታዲያ?»

ሽብልቅ አስፋልቱን አየች። ሰውዬው ጉጠታቸውን አነሡ። «የሰው ሥራ ማፍረስ አልወድም። ግን ንብረቱ ያንቺ ነው፣ ንቀል ካልሽኝ እነቅላለሁ።» የጉጠቱን አፍ ከሶሉ ጠርዝ ላይ ነከስ አደረጉት። የመጀመሪያው ክር ተወጠረ።

እጇ ቀድሟት ሄዶ ጫማው ላይ አረፈ።

«ይቅር» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይቅር፣ ይተዉት።»

ሰውዬው ጫማውን በማሰሪያው መልሰው ቋጠሩት፣ ጋዜጣውን መሐሉ አደረጉ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከተቱላት።

ፌርማታው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና የአዳራሹ ጣሪያ ይታያል። ንፋሱ ሲያዘነብል ኳስ ሲነጥር ይሰማል፤ ሰነፍ ነጠራ ነው፣ የሚጠብቅ ሰው ነጠራ። ወደ ኮሌጁ የሚሄደው አውቶቡስ መጣ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ትወጫለሽ?» አላት፣ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ወደ ቤት የሚሄደውም መጣ፣ ለሱም ራሷን ነቀነቀች። አዳራሹ ውስጥ ምሰሶና ሌሎቹ በካልሲ ቆመው በሩን ያያሉ፤ ቤት ደግሞ አባቷ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ወጥተው «ምን አሉ? በልካቸው ሆነ?» ሊሉ ይጠብቃሉ።

የልምምዱ ሰዓት ደርሶ አለፈ። ከረጢቱ በደህናው እግሯ ሥር ነበር።